የመኪና ግርግር አለቆች

ልብስ ስፌት የተማርኩት ሐረር ጀጎል ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ በሚወርደው ጠባብ መንገድ ነው፤ መኪና ግርግር ይባላል። ጨርቅ ሻጩ ከኋላ፣ ሰፊው ከፊት ደጃፉ ላይ። ደንበኛዋ ጨርቅ ትገዛለች፣ እዚያው ትለካለች፣ ገበያዋን ጨርሳ ስትመለስ ድሪያዋ አልቆ ይጠብቃታል። ከሸዋ በር ገበያ ሳልባጅ የገዛም ሊያሳጥርና ሊያስጠብብ ወደ እኛው ይመጣል።

የሐረር ጨርቅ ግን ከስፌት መኪና በፊትም ስም ነበረው። በ1847 ዓ.ም. ከተማዋን ያየው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን፣ እዚህ በእጅ የሚሸመነው ኩታ በውበትም በጥንካሬም የአውሮፓን ፋብሪካ ምርት እንደሚያስከነዳ ጽፏል።  

ወደኛ ሱቅ ልመለስ፤ ተለማማጅ መጀመሪያ ይጠርጋል፣ ክር ይለቅማል፣ የተበላሸ ስፌት ይተረትራል። ቀጥሎ ቁልፍ፣ ቀጥሎ ዝምዝማት። መቀስ የመጨረሻው ነው፤ የተሳሳተ ስፌት ይተረተራል፣ የተሳሳተ ቅድ ግን የሰው ጨርቅ ያስከፍላል። ጨርቅ የሚቀደው አለቃው ብቻ ስለነበር ሲቆጣን «ይህን ማን ሾመው?» ያለ አልነበረም። አያስረዳም፤ «እጄን እያየህ» ይላል፣ በቃ።

ሐምሌ 2008 ዓ.ም. የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲመረቅ ሌላ ዓይነት አለቃ ተፈለገ። በፓርኩ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ አንድ ሸሚዝ በብዙ እጅ ያልፋል፦ አንዷ ኪስ፣ አንዷ ኮሌታ፣ አንዷ እጅጌ። ሱፐርቫይዘሩ ሥራው የት እንደተከመረ ማየት፣ የቀረችውን ሠራተኛ ቦታ መሸፈን፣ በየሰዓቱ የወጣውን መቁጠር፣ ብልሽቱን ከምንጩ መያዝ አለበት። ይህን የሚያውቁ ከስሪላንካ፣ ከህንድና ከሌሎች አገሮች መጡ፤ ከገጠር ከመጣችው ሠራተኛ ጋር ግን ቋንቋ አያገናኛቸውም። የአገር ልጅ ሲሾም ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው እጀ ፈጣኑ ነው። ፋብሪካው ጎበዝ ሰፊውን ያጣል፣ በምትኩ መጮህ ብቻ የሚችል አለቃ ያገኛል።

የሱፐርቫይዘር ስልጠና ይሰጥ የሚለው ጥያቄ የሚነሳው ከዚህ ነው። የኔ አለቃ በዓመታት ያገኘውን ተሰሚነት አዲሱ ሹም በሳምንታት እንዲያገኝ ይጠበቃል። ስለዚህ ደቂቃ መለካትና ሥራ ማመጣጠን ብቻ አይበቃውም፤ የኛ ሱቅ ያላስተማረንን፣ ሳይቆጡ በቃል ማስረዳትን መማር አለበት።

አንድን ነገር ግን ስልጠናው ብቻውን አይተካም። የአለቃዬን ቁጣ የቻልኩት ነገ የራሴን መኪና ዘርግቼ እንደምቀመጥ ስለማውቅ ነው። ኪስ ስትለጥፍ የምትውለው ልጅ ከፊቷ የምትወጣበት ደረጃ ካላየች፣ የሰለጠነ አለቃም ቢመራት ሥራውን ጥላ ትሄዳለች።