ከጎታ እስከ ጀርመን አደባባይ፦ ኢትዮጵያዊው ስለ ጀርመንና ስለ መሪዎቿ ያለው አመለካከት

ወደ መካኒሳ በሚወስድ ታክሲ የተሳፈረ ሰው፣ መንገዱ ሊያልቅ ሲል «ጀርመን ወራጅ አለ» የሚል ድምፅ መስማቱ አይቀርም። ረዳቱ በሩን ይከፍታል፤ አንዲት እናት ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው ይወርዳሉ፤ ተማሪዎች ይከተሏቸዋል። አደባባዩ ጀርመን አደባባይ ነው። ለሰፈሩ ሰው «ጀርመን» የባሕር ማዶ አገር ስም ብቻ ሳይሆን መውረጃና መቃጠሪያ ቦታም ነው። የሩቅ አገር ስም በሰው አፍ እንዲህ ቤተኛ ሲሆን፣ ከኋላው ረጅም ታሪክ አለ ማለት ነው።

ይህ ቅኝት ያንን ታሪክ ከምንጩ እስከ ዛሬ ይከተላል። ዓመታቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው። መነሻ ሐሳቡም ይህ ነው፦ የጀርመን መሪዎች ከካይዘር እስከ ሂትለር፣ ከሆኔከር እስከ ሜርክል ተፈራርቀዋል፤ ሕዝባችን ግን አገሪቱን የመዘነው በአብዛኛው በመሪዎቿ ሳይሆን ደጁ ድረስ በመጣለት ነገር ነው። ይህ ሚዛን ብርታትም ጉድለትም አለው።

የግንኙነቱ መጀመሪያ መጽሐፍ ነው። የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ሮም ላይ ከተዋወቁት ወጣት ጀርመናዊ ምሁር ከኢዮብ ሉዶልፍ ጋር በ1644 ዓ.ም. በጎታ ቤተ መንግሥት ተገናኙ፤ የመስፍኑ የኤርነስት እንግዳም ሆኑ። መስፍኑ ስለ አገራቸው፣ ስለ ሃይማኖታቸውና ስለ ንጉሣቸው ጠየቋቸው፤ አባ ጎርጎርዮስም መለሱ። ሁለቱ ወዳጆች መጀመሪያ የተግባቡት በግእዝ ነበር። ሉዶልፍ ከዚያ ጉባኤ በቀሰመው እውቀት የኢትዮጵያን ታሪክ ጻፈ፣ የግእዝና የአማርኛ ሰዋስውም አሳተመ። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ አውጉስት ዲልማን በግእዝ መዝገበ ቃላቱ ሥራውን ቀጠለ፤ በእኛ ዘመንም ሐምቡርግ ላይ አምስት ቅጽ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት መድበል ተጠናቀቀ። ጀርመናዊ ሲባል በተማረው ኢትዮጵያዊ አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው ግእዝ የሚያነብ ሊቅ የሆነው ከዚህ የተነሣ ነው።

ሁለተኛው ምዕራፍ የእጅ ሙያ ነው። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን፣ ባዝል አጠገብ ካለው የክሪሾና ትምህርት ቤት የተላኩ ጀርመናውያንና ስዊሳውያን ሚሲዮናውያን ወንጌል ሊሰብኩ መጡ። ንጉሡ ግን ከስብከቱ ይልቅ ሙያቸውን ፈለጉት፤ ጋፋት ላይ መድፍ እንዲያቀልጡ አዘዟቸው። ወደ ሰባት ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተወለደው ከዚያ ምድጃ ነው። በሺህ የሚቆጠር ሰው እየጎተተ መቅደላ አምባ ሲያወጣው ያየ ገበሬ፣ ስለ ፈረንጅ ሙያ የሚያወራው አላጣም። ሊቁና ባለሙያው የጀርመን የመጀመሪያ ሁለት መልኮች ሆኑ ማለት ይቻላል፤ የጀርመን መሪ ግን በዚህ ሁሉ ገና አልታየም።

መሪው ብቅ ያለው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። በ1897 ዓ.ም. የካይዘር ቪልሄልም መልእክተኛ ፍሪድሪክ ሮዘን አዲስ አበባ ገብተው የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረሙ። በማግሥቱ ዓመት ኤኖ ሊትማን የመሩት ቡድን የአክሱምን ሐውልቶች አጠና። ያን ጊዜ እንግሊዝ በሱዳን፣ ፈረንሳይ በጅቡቲ፣ ኢጣሊያ በኤርትራና በሶማሊያ ከበውን ነበር፤ ጀርመን ግን ድንበራችንን አልገፋችም። የካይዘሯ አገር ከአድዋ ማግሥት በቤተ መንግሥቱም በመኳንንቱም ዘንድ የተወደደችበት ምክንያት እዚሁ ላይ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ልጅ ኢያሱ ወደ ቱርክና ወደ ጀርመን ያዘነበሉትም ዙሪያችንን የያዙትን ሦስቱን በመጠራጠር ነበር፤ ዝንባሌው በ1909 ዓ.ም. ለመውረዳቸው ከተቆጠሩት ምክንያቶች አንዱ ሆነ።

የሚዛኑ ጉድለት የታየው ግን በዚያው ዘመን ነው። ሮዘን ከምኒልክ ጋር ሲፈራረሙ፣ የዚያው ካይዘር ጦር በዛሬዋ ናሚቢያ የሄሬሮን ሕዝብ ወደ በረሃ እየነዳ ይፈጅ ነበር፤ የናማ ሕዝብም ተከተለ። ዜናው እኛ ዘንድ አልደረሰም። እኛ ያየነው ውሉንና ስጦታውን ነው፤ የሌላው አፍሪካዊ ደም ደጃችን አልፈሰሰም። ለጀርመን የነበረን ፍቅር እውነተኛ ቢሆንም ሙሉውን እውነት አልያዘም።

ይኸው ነገር በሂትለር ዘመን ተደገመ። በ1927 ዓ.ም. የኢጣሊያ ወረራ ሲያንዣብብ፣ ሌሎች መንግሥታት የጦር መሣሪያ ሲከለክሉን፣ በርሊን ወደ አሥር ሺህ ጠመንጃ ከጥይት ጋር በምስጢር ሰጠች። የሂትለር ሐሳብ ግን ሙሶሊኒ በኢትዮጵያ ተጠምዶ በኦስትሪያ ጉዳይ እንዳያስቸግረው ነበር። ስሌቱ ሲለወጥ ወዳጅነቱም ተለወጠ፤ በ1929 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ጀርመን የኢጣሊያን ወረራ አጸደቀች። አርበኛው የያዘው ጠመንጃ የወዳጅ ነው፤ ጠመንጃውን የላከው መሪ ግን ወዳጅ አልነበረም። እስከዚህ ያለውን ስናጠቃልል፣ ሊቁና ባለሙያው ያስገኙትን መልካም ስም መሪዎቹ ለየራሳቸው ዓላማ ሲጠቀሙበት እናያለን።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አዲስ ገጽ ተከፈተ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1947 ዓ.ም. ምዕራብ ጀርመንን ሲጎበኙ፣ ያችን አዲስ ሪፐብሊክ የጎበኙ የመጀመሪያው የውጭ ርእሰ ብሔር እርሳቸው ነበሩ፤ ፕሬዚዳንት ሆይስና ቻንስለር አደናወርም በክብር ተቀበሏቸው። ራሷ የተወገዘች አገር በአፍሪካዊ ንጉሥ እጅ ወደ ዓለም አደባባይ ተመለሰች ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም፤ የኢትዮጵያ ሰው ይህን በኩራት ያስታውሳል። በ1957 ዓ.ም. የጀርመን ድምፅ ሬዲዮ የአማርኛ ስርጭቱን ጀመረ። መካኒሳም ከዚህ ታሪክ ድርሻዋን ወሰደች። በ1951 ዓ.ም. የተመሠረተችው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ፣ ከጀርመንና ከስካንዲኔቪያ ሉተራውያን ጋር ያላት ትስስር ጽኑ ነው፤ የነገረ መለኮት ኮሌጇም ሥር የሰደደው እዚሁ መካኒሳ ነው።

በደርግ ዘመን ጀርመን በኢትዮጵያዊው ዓይን ለሁለት ተከፈለች። ምሥራቋ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. መሣሪያ ሰጥታ ቡና ወሰደች፤ መሪዋ ኤሪክ ሆኔከር በኅዳር 1972 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥተው የወዳጅነት ውል ፈረሙ፤ የካርል ማርክስ ሐውልትም ከምሥራቅ ጀርመን በስጦታ መጥቶ ስድስት ኪሎ አጠገብ ቆመ። በሶማሊያ ወረራ ለተጨነቀ ሰው መሣሪያው ባለውለታ ነው፤ ልጁ በደኅንነት ሰዎች ለተወሰደበት ቤተሰብ ግን እነዚያን ሰዎች ያሠለጠነችው አገር ስሟ ሌላ ትዝታ ይቀሰቅሳል። ያው ቤተሰብ ማታ መስኮቱን ዘግቶ፣ የሬዲዮኑን ድምፅ ዝቅ አድርጎ የሚያዳምጠው የምዕራቧን የጀርመን ድምፅ ነበር። በዳርምሽታት የተወለደው ኦስትሪያዊው ተዋናይ ካርልሃይንዝ በም በ1974 ዓ.ም. «ሰዎች ለሰዎች» የተባለውን የርዳታ ድርጅት መሥርቶ በኤረር ሸለቆ ሥራ ሲጀምር፣ ገበሬው «አቦ ካርል» ብሎ የራሱ አደረገው። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ደግሞ በአውሮፓ ምድር ፊት ለፊት ተፋጠው የቆሙት የሁለቱ ጀርመኖች ጦር አውሮፕላኖች፣ በእኛ ሰማይ ላይ አንድ ዓይነት እህል ተሸክመው በረሩ። በምድር ጆንያውን የሚጠብቀው ሰው የትኛው የሆኔከር፣ የትኛው የምዕራቡ መሪ የኮል እንደሆነ መለየት አልቻለም፤ መለየትም አላስፈለገውም።

የበርሊን ግንብ በጥቅምት 1982 ዓ.ም. ሲፈርስ ሁለቱ ጀርመኖች ወደ አንድነት መንገድ ገቡ። ቀጥሎ የመጣው ዘመን የቴክኒክ ትብብር ዘመን ነው፤ ዛሬ ከመካኒሳ እስከ ጀሞ ተደርድሮ የምናየው የኮንዶሚኒየም ቤት አነሳሱ ከጀርመን የቴክኒክ ድርጅት የዝቅተኛ ዋጋ ቤቶች ሙከራ ነው። በርሊን ደግሞ የድል አደባባያችን ሆነች። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በመስከረም 2001 ዓ.ም. በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ፣ ትዕግሥት አሰፋ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ የማራቶንን የዓለም ክብረ ወሰን የሰበሩት እዚያ ነው። በብራንደንቡርግ በር ሥር ያለፈ ሰንደቅ ዓላማችንን በቴሌቪዥን ያየ ልጅ፣ በርሊንን የሚያውቃት በደስታ ነው።

ቻንስለር አንጌላ ሜርክል በ2007 ዓ.ም. ማብቂያ ለስደተኞች በር ሲከፍቱ፣ ዘመድ በስደት ላይ ያለው ኢትዮጵያዊ ስማቸውን በአክብሮት አነሣ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀ በቀናት ውስጥ፣ በጥቅምት 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲመጡ ግን አስተያየቱ ተከፈለ፤ ለተቃዋሚ ድምፅ ቦታ ይሰጥ ማለታቸውን ያመሰገነ እንዳለ ሁሉ፣ ከዚያ የጠነከረ ቃል የጠበቀም ነበር። ከሰሜኑ ጦርነት በኋላ ቻንስለር ኦላፍ ሾልስ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሲመጡም እንዲሁ ሆነ፤ ሰው የመዘናቸው በጦርነቱ ወቅት ጀርመን በማን ጎን ቆማለች ብሎ ባመነው ነገር ነበር። ዛሬ መሪን የምንመዝነው እንደ ድሮው በተቀበልነው ስጦታ ብቻ አይደለም፤ በቁስላችንም ጭምር ሆኗል።

ጠቅለል አድርገን ስናየው፣ አራት መቶ ዓመት ሊሞላ የቀረበው ይህ ታሪክ መጽሐፍ፣ እጅ፣ ሬዲዮና እህል ይዞ ደጃችን ደርሷል። ሕዝባችን ያየውን ያመሰግናል፤ ይህ ጨዋነት ነው። ነገር ግን ደጃችን ያልደረሰውንም መጠየቅ ይገባናል፦ የሄሬሮን ደም፣ የጠመንጃውን ዓላማ፣ የሥልጠናውን ውጤት። ምስጋናና እውቀት አብረው ሲሄዱ ወዳጅነት ይጸናል። አባ ጎርጎርዮስ በጎታ ስለ አገራቸው ተጠይቀው በእውነት መለሱ፤ እኛም ጀርመንንና መሪዎቿን በዚያው ዓይነት እውነተኛ ጥያቄ ብንቀርባቸው፣ መካኒሳ ላይ «ጀርመን» ብለው የሚወርዱት እናት ለልጃቸው የሚነግሩት ታሪክ ሙሉ ይሆናል።