የዘፈን ልጆች ምን ይለብሳሉ?

የልጆች ዘፈን ልብስ የለውም። ዜማ አለው፣ ጭብጨባ አለው፤ የሚያለብሰው ግን ሠዓሊ ነው። ሠዓሊውም ጨርቅ ብቻ አይደለም የሚሥለው፤ «ይህ ጨዋ ነው፣ ይህ ኩራተኛ ነው» ብሎ ይፈርዳል። የዚህን ፍርድ ታሪክ እስቲ አብረን እንመልከት።

በ19ኛው ምእት ዓመት የልጆችን ግጥም ከነሥዕሉ ማሳተም የደራው በእንግሊዝ ነበርና ከዚያ እንጀምር። ሃምፕቲ ዳምፕቲ የተባለው ከግንብ ላይ የሚወድቀው ፍጡር፣ በግጥሙ ውስጥ እንቁላል መሆኑ እንኳ አልተነገረም። ሉዊስ ካሮል በ1871 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሁለተኛው የአሊስ መጽሐፍ ግን፣ ጆን ቴኒየል እንቁላሉን ልብስ አልብሶ ሣለው። አንገቱ ከወገቡ አይለይምና አሊስ የታጠቀውን ከረባት ትበለው ቀበቶ ግራ ይገባታል፤ እሱ ሆዬ ይቆጣል! ከንጉሥና ከንግሥት የተሰጠው ስጦታ ነዋ። ኩራቱን ያወቅነው በዚያች ቁራጭ ጨርቅ ነው።

ኬት ግሪንዌይ ደግሞ በ1881 እ.ኤ.አ. ባወጣችው መጽሐፍ፣ የግጥሞቹን ልጆች ሰባ ሰማንያ ዓመት ባለፈው ፋሽን አለበሰቻቸው፦ ወገቡ ከፍ ያለ ረጅም ቀሚስ፣ አገጭ ሥር የሚታሰር ኮፍያ። አመለኛውም ጭምቱም አንድ ዓይነት ጨዋ መሰለ። ነገሩ በወረቀት አልቀረም፤ የለንደኑ ሊበርቲ መደብር በዚያው አምሳል የልጆች ልብስ ሰፍቶ ሸጠ። ሥዕሉ ልጁን መምሰል ሲገባው፣ ልጁ ሥዕሉን መሰለ።

በልብስ መናገር ለአገራችን ሠዓሊም እንግዳ አይደለም። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በተከታታይ ሥዕል ያወረዱት ሠዓሊዎቻችን ንግሥቲቱንም ሰሎሞንንም በእኛው ነገሥታት ካባና ዘውድ አስጊጠዋቸዋል። ሸማም የራሱ ቋንቋ አለው፤ አደግድጎ የተሣለ ሰው ትልቅ ሰው ፊት መቆሙ ሳይጻፍ ይታወቃል።

ታዲያ የእኛ የዘፈን ልጆችስ? በእንቁጣጣሽ ካርድ ላይ አበባየሆሽ የሚሉት ልጃገረዶች ነጭ ባለጥበብ ቀሚስ ለብሰው፣ አደይ አበባ ይዘው ይታያሉ። ያምራል፤ ማን ይጠላል? ግን በየደጁ ከሚዞሩት መካከል ሹራብ የደረበች፣ የታላቋን ቀሚስ ያሳጠረች አለች። ካርዱ እሷን አያውቃትም።

እዚህ ሐዋሳ ነገሩ ይብሳል። በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ በተመዘገበው የሲዳማ ፊቼ ጨምበላላ፣ ልጆች ከቤት ቤት እየዞሩ ጎረቤት ይጠይቃሉ፤ ቡርሳሜ ይበላሉ። እነሱን ስንሥል ጎንፋውም ይግባ፤ ጎረቤታቸው የወላይታው ልጅ ሲሣልም ባለቀይ፣ ባለጥቁርና ባለቢጫ መስመሩ ዱንጉዛ ይግባ። ነገር ግን ልብሱ የብሔር ምልክት ብቻ ከሆነ ልጁ ጠፋ ማለት ነው። ዓይን አፋር ይሁን ቀልደኛ፣ ቁጡ ይሁን ሩኅሩኅ በምን እንለየው? የግሪንዌይ ኮፍያ በሌላ ቀለም ተመለሰብን እኮ!

ከመካከላችን ነገ አስተማሪ የሚሆን፣ የልጆች መጽሐፍ የሚያዘጋጅ አይጠፋም። ለእሱ አደራ እንላለን፦ የባህሉን ልብስ አልብስ፤ ግን አንዱ ቁልፉን አዛንፎ ይቆልፍ፣ አንዷ ነጠላዋን መሬት ለመሬት ትጎትት። ሕፃኑ መጽሐፉን ገልጦ «ይሄ እኔ ነኝ!» የሚለው ያን ጊዜ ነው።