ሁለት ምድጃዎችና አንድ ቸርኬ

ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ነው። የመኪናን የአሉሚኒየም ቸርኬ በዱቄት ቀለም፣ ፓውደር ኮቲንግ በሚሉት፣ ብናስቀባው ጥንካሬው ይቀንሳል ወይ? አንዱ ወዳጃችን «ኧረ ቀለም ምን ያደርገዋል!» ይላል። ሌላው «ምድጃ የገባ አሉሚኒየም አለቀለት» ብሎ ይምላል። እንደ ብዙ የካፌ ክርክር ሁለቱም ግማሽ ግማሽ እውነት ይዘዋል። እኛ ደግሞ ሙግቱን ለመዳኘት ወደ ኋላ፣ ከመቶ ዓመት በላይ፣ መሄድ ግድ ሆኖብናል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እ.ኤ.አ. 1906፣ በርሊን አጠገብ፣ ኖይባበልስበርግ። አልፍሬድ ቪልም የተባለ የብረታ ብረት ተመራማሪ አንድ የቤት ሥራ ይዟል፤ ለጥይት ቀለህ ናስን የሚተካ ጠንካራ አሉሚኒየም ማግኘት። ቪልም አንጥረኛ ብረት ላይ የሚያደርገውን አሉሚኒየም ላይ ሞከረ፤ መዳብና ትንሽ ማግኒዥየም ቀላቅሎ፣ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ አግሎ፣ ቀዝቃዛ ነገር ውስጥ ነከረው። ቅዳሜ ዕለት ሲለካ ይህ ነው የሚባል ነገር የለም። ሰኞ ሲመለሱ ያው ብረት፣ ማንም ሳይነካው፣ ጠንክሮ ጠበቃቸው። መጀመሪያ የተጠረጠረው መለኪያው ነበር ይባላል። መለኪያው ግን ደህና ነበር።

ዱራሉሚን የሚባለው ቅይጥ የተወለደው እንዲህ ነው። የጀርመን ዜፔሊኖች አጽም ሆኖ ሰማይ ላይ ወጣ። ብረቱ ለምን እንደሚጠነክር ግን ቪልም ራሱ አያውቅም ነበር። አሜሪካኖች ፖል ሜሪካና ባልደረቦቹ በ1919 መልስ ሰጡ፤ ጊኒየርና ፕሬስተን ደግሞ በ1938፣ ለየብቻቸው፣ በኤክስሬይ አረጋገጡት። ቪልም ምርምሩን ትቶ ገበሬ ከሆነ በኋላ፣ በ1937 ሞተ። አንድ ዓመት ቢቆይ ኖሮ የራሱን ግኝት ምስጢር ይሰማ ነበር።

ምስጢሩ ይኸው ነው። ትኩስ ሻይ ብዙ ስኳር እንደሚያሟሟ ሁሉ፣ የጋለ አሉሚኒየምም ሌሎች ንጥረ ነገሮችን ሆዱ ውስጥ ያሟሟል። በድንገት ሲቀዘቅዝ መውጫ አጥተው ይታገታሉ። ከዚያ ቀስ በቀስ እየተሰባሰቡ በዓይን የማይታዩ ቅንጣቶች ይሆናሉ። ብረት የሚጎብጠው ውስጡ ያለው ንብርብር ሲንሸራተት ነው፤ እነዚህ ቅንጣቶች ደግሞ መኪና ዳገት ላይ ሲቆም ጎማው ሥር እንደሚደረግ ታኮ ሆነው ያንን ያግዳሉ። ባለሙያዎቹ ይህን «ማስረጀት» ይሉታል። ችግሩ ሙቀቱ ከበዛ ወይም ከረዘመ ቅንጣቶቹ እየተዋሃዱ ትልልቅና አራርቀው የተቀመጡ ይሆናሉ። በመካከላቸው ክፍተት ይፈጠራል፣ ንብርብሩም ይሾልካል። ብረቱ ከልክ በላይ አረጀ ማለት ነው።

አሁን ወደ ቸርኬ። (ቃሉን ራሱን ያመጡልን ጣሊያኖች ናቸው፤ እንደ ጎሚስታው፣ እንደ ዳዶውና እንደ ብሎኑ።) ከቀደምቶቹ የአሉሚኒየም ቸርኬዎች ስሙ የገነነው ኤቶሬ ቡጋቲ በ1924 ለሊዮን ግራንድ ፕሪ ባሰለፈው ታይፕ 35 ላይ የነበረው ነው፤ ስምንት ጠፍጣፋ ክንፍ ያለው፣ የፍሬን ታምቡሩ አብሮ የተጣበቀ። የውድድሩ ዕለት ጎማዎቹ እየተላጡ አስቸገሩ፤ ጥፋቱ የጎማው እንጂ የቸርኬው አልነበረም። በዚያው ዘመን ለቀልጦ ማፍሰስ የሚመች ቅይጥም መንገድ ላይ ነበር። አላዳር ፓክስ የተባለ ሰው በ1921 ባገኘው የፈጠራ መብት፣ ሶዲየም ጠብ ሲደረግበት አሉሚኒየምና ሲሊከን ተሰባሪነታቸው እንደሚቀንስ አሳየ። ዛሬ አብዛኛው ተቀልጦ የሚፈስ ቸርኬ የዚህ ዘር ነው፤ ሲሊከን 7 በመቶ ገደማ፣ ማግኒዥየም ደግሞ ከግማሽ በመቶ በታች። ያቺ ቁንጣሪ ማግኒዥየም ናት ታኮዎቹን የምትሠራው።

ፋብሪካው የቪልምን መንገድ ይከተላል። ቸርኬው 540 ዲግሪ አካባቢ ለሰዓታት ይግላል፣ ውሃ ውስጥ ይነከራል፣ ከዚያ 150 እና 160 ዲግሪ መካከል ለጥቂት ሰዓት ይረጃል። እንግዲህ የቸርኬ ጥንካሬ ምድጃ የሰጠው ነው። ምድጃ የሰጠውን ምድጃ ሊወስደው መቻሉ ላይ ሁለተኛው ወዳጃችን አልተሳሳተም።

የዱቄት ቀለም ታሪክ አጭር ነው። ጀርመናዊው ኤርቪን ጌመር በ1950ዎቹ መጀመሪያ የጋለ ዕቃን በአየር እንደ ውሃ በሚንሳፈፍ ዱቄት ውስጥ መንከርን ፈጠረ። በ1960ዎቹ ዱቄቱን በኤሌክትሪክ ሞልቶ መርጨት መጣ። ቲነር የለው፣ ጭስ የለው። ግን መጋገር አለበት፤ ብዙውን ጊዜ 200 ዲግሪ አካባቢ፣ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ።

ሁለቱ ምድጃዎች የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። 200 ዲግሪ ከማስረጃው ሙቀት በላይ ነው፤ ይህን ብቻ ሰምቶ የሚደነግጥ ብዙ ነው። ሰዓቱን ግን ያዩታል? ደቂቃዎች ናቸው። በዚህ ጊዜ ታኮዎቹ ብዙ አያድጉም። እንዲያውም ብዙ አዲስ ቸርኬ ከፋብሪካ ሲወጣ ከሥሩ የዱቄት ቀለም ተቀብቶና ተጋግሮ ነው፤ ፋብሪካው ሒሳቡን ቀድሞ ሠርቶታል። ስለዚህ አንድ ጊዜ በልኩ የተጋገረ ቸርኬ አይፈራም፤ ያለ ልክ የሚደጋገም መጋገር ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

እኛን የሚያሳስበን ከመቀባቱ በፊት ያለው ሥራ ነው። አሮጌውን ቀለም ለማስለቀቅ አንዳንዱ ቀቢ በኬሚካል ወይም በአሸዋ ፋንታ 400 ዲግሪ የሚደርስ ማቃጠያ ምድጃ ውስጥ ይከተዋል። ለአረብ ብረት ደህና ነው። ለአሉሚኒየም ቸርኬ ግን ጥንካሬውን ወደ ግማሽ ሊያወርደው ይችላል። የጎበጠውን በእሳት እያጋሉ በመዶሻ ማቃናትም እንዲሁ ነው። ክፋቱ ደግሞ አለመታየቱ ነው፤ ቸርኬው ቅርጹን እንደያዘ፣ በላዩ አዲስ ጥቁር ቀለም ለብሶ፣ እያብረቀረቀ ይመለሳል። ስንጥቅ ቢኖርበት እንኳ ያ ወፍራም ቀለም ይሸፍነዋል። ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን የሚያውቀው ከላዩ የተቀመጡት ሰዎች ናቸው።

ስለዚህ ቀቢውን መጠየቅ ያለብን «ስንት ብር?» ብቻ አይደለም። አሮጌውን በምን ታስለቅቃለህ? ሲራቆት ስንጥቅ ታያለህ? የምድጃህ ሙቀት የሚለካው አየሩ ነው ወይስ ብረቱ? አንድ ደግሞ ትንሽ የምትመስል አለች፤ ቸርኬው ከመኪናው ጋር የሚገጥምበትን ፊትና የዳዶ መቀመጫዎቹን ሸፍኖ ነው የሚቀባው? እዚያ የገባ ቀለም ከጭነቱ የተነሳ እየሳሳ ሲሄድ ዳዶው ይላላል። ቢሸፍነውም ባይሸፍነውም፣ ከተገጠመ በኋላ 50 ወይም 100 ኪሎ ሜትር ተነድቶ ዳዶዎቹን በልካቸው መልሶ ማጥበቅ ነው።