የቃል ማብራሪያ፦ ማትባት

ስልኩን በአማርኛ የሚጠቀም ሰው ይህን ቃል ሳያየው አይቀርም። አንድሮይድ ቅንብሮች ውስጥ «የባትሪ ማትባት» የሚል መስመር አለ፤ ባለሙያዎች ኦፕቲማይዜሽን የሚሉት ነው። ብዙዎቻችን «ማሻሻል» ብለን እንተረጉመዋለን። እኔ ግን ማትባት ይሻላል እላለሁ።

ሥሩ «ተባ» ነው፤ ሰላ፣ ስለት አወጣ ማለት ነው። «የተባ ብዕር» የምንለውም ከዚሁ ነው። ማትባት እንግዲህ ስለት ማውጣት ነው።

በፕሮግራም ሥራ ደግሞ ኮምፓይለር (አጠናቃሪ) የጻፍነውን ኮድ ወደ ማሽን ቋንቋ ሲመልስ፣ ውጤቱን ሳይለውጥ ትርፉን የሚቆርጥበትና ረጅሙን የሚያሳጥርበት ሥራ ማትባት ይባላል። ጂሲሲ በተባለው አጠናቃሪ ደረጃው የሚታዘዘው በኦ ፊደል ነው፤ «ኦ0» አታትባ፣ «ኦ2» ደህና አድርገህ አትባ እንደ ማለት ነው።

ኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚማር አንድ ተማሪ ጂሊብሲን ከምንጭ ኮዱ ሊያጠናቅር ተነሣ እንበል። ጂሊብሲ ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ ፕሮግራሞች የሚቆሙበት የሲ ላይብረሪ ነው። ተማሪው ኮዱን መስመር በመስመር መከታተል ስለፈለገ «ኦ0» ብሎ ያዛል። ሥራው ወዲያው ይቆምና «ጂሊብሲ ሳይተባ ሊጠናቀር አይችልም» የሚል መልእክት በእንግሊዝኛ ይመጣል። ማትባት ለፍጥነት ብቻ ከሆነ ቀርፋፋ ጂሊብሲ ማግኘት ነበረበት። ለምን ጭራሽ ተከለከለ?

ዋናው ምክንያት ዳይናሚክ ሊንከር (ተለዋዋጭ አያያዥ) የተባለው የጂሊብሲ ክፍል ነው። ፕሮግራም ሲነሣ ቀድሞ የሚሠራው እሱ ነው፤ ላይብረሪዎቹ ሜሞሪ ውስጥ የት እንዳረፉ እያየ የአድራሻ ሠንጠረዣቸውን ይሞላል። እሱ ራሱ የት እንደሚያርፍ ግን አስቀድሞ አይታወቅም። የሌሎቹን አድራሻ ከማስተካከሉ በፊት የራሱን ያስተካክላል፤ ይህን የሚሠራለት ሌላ የለም። በዚያች ቅጽበት ፈንክሽን ልጥራ ቢል ጥሪው ገና ባልተሞላ አድራሻ በኩል ሊያልፍ ይችላል፤ ፕሮግራሙም ሳይጀምር ይወድቃል።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ጭነት የሚያወርድ ሹፌር ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ከ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ወደ 1,850 ገደማ ሲወርድ በሐረጎ ጠመዝማዛ ያልፋል። ጎማ ቢፈነዳበት ጋራዥ ልፈልግ የሚልበት ቦታ አይደለም፤ ስለዚህ ክሪኩም ታኮውም ትርፍ ጎማውም ከደሴ ሳይነሣ መኪናው ላይ ናቸው። አጠናቃሪውም ሲያተባ ትንንሾቹን ፈንክሽኖች ጠሪያቸው ውስጥ ይከትታቸዋል፤ ኢንላይን ማድረግ የሚባለው ይህ ነው። ያኔ የሚጠራ ነገር ስለማይኖር ያልተሞላ አድራሻም አያስፈልግም። በ«ኦ0» ግን በልዩ ትእዛዝ ካልተገደደ በቀር አይከትትም።

ሁለተኛው ምክንያት ትርፍን መቁረጥ ነው። ኮዱ ውስጥ ለሚጠናቀርለት ማሽን ፈጽሞ የማይሠሩ ቅርንጫፎች አሉ፤ አንዳንዶቹ ለዚያ ማሽን ያልተጻፈ ፈንክሽን ይጠራሉ። የሚያተባ አጠናቃሪ ቅርንጫፉን ከነጥሪው ይቆርጠዋል። ካልተቆረጠ በማጠናቀር ጊዜ የሚሠራው ሊንከር የሌለ ፈንክሽን ፍለጋ ገብቶ ሥራውን ያቆማል። የሊኑክስ ከርነል ይህንኑ ሆን ብሎ ለፍተሻ ይጠቀምበታል፤ መቆረጥ የነበረበት ጥሪ ተርፎ ከተገኘ ስሕተት አለ ማለት ነውና ማጠናቀሩ ይቆማል።

ስለዚህ ተማሪያችን በ«ኦ0» ፈንታ «ኦ2» ብሎ የማረሚያ መረጃ የሚያስቀምጠውን የ«ጂ» ትእዛዝ ቢጨምር ሥራው ይቀጥላል። መልእክቱን ወደ አማርኛ ስንመልስም «ሳይሻሻል ሊጠናቀር አይችልም» አንበል። ማሻሻል ያለቀለትን ነገር ማሳመር ይመስላል፤ ተማሪውም ላይብረሪው ጉድለት ያለበት ሊመስለው ይችላል። «ሳይተባ» ካልነው ግን ጉዳዩ የስለት መሆኑ ይገባዋል፤ ቢላዋ የሚሳለው ከመቁረጡ በፊት ነው።