ያልፈነዳ ተተኳሽ፦ ሚዛን ላይ መውጣት የሌለበት ብረት

ያልፈነዳ ተተኳሽ የሚባለው ተተኩሶ፣ ተወርውሮ ወይም ከአውሮፕላን ተጥሎ መፈንዳት ሲገባው ሳይፈነዳ የቀረ የጦር መሣሪያ ነው። የመድፍ ወይም የሞርታር ቅምቡላ ሊሆን ይችላል፤ የእጅ ቦምብም እንዲሁ። ባለሙያዎች በእንግሊዝኛው ምህጻር «ዩኤክስኦ» ይሉታል። «የከሸፈ» የሚሉትም አሉ፤ ይህ አጠራር ግን ያዘናጋል። የከሸፈ ሲባል ነገሩ ያበቃለት ይመስላል። «የመከነ» ማለትም አይሆንም፤ የሚያመክነው ባለሙያ ነው፣ እሱ ደግሞ ገና አልደረሰም።

ብዙዎቻችን የምናውቀው ቀለሁን ነው። ቀለህ ባሩዱ ነዶ ያለቀበት ባዶ ናስ ነው፤ ከመድፉ አጠገብ ይወድቃል፣ ተወልውሎ የሳሎን አበባ ማስቀመጫ ይሆናል። ተተኳሹ ግን ፈንጂውንና ማፈንጃውን ይዞ የሄደው ጫፍ ነው። ማፈንጃው በመጋዘንና በመኪና ላይ እንዳይነሣ መቆለፊያ አለው። በብዙዎቹ ላይ መቆለፊያው የሚፈታው ሲተኮስ በሚደርስበት ግፊትና ሽክርክሪት ነው። ስለዚህ ሜዳ ላይ ወድቆ የተገኘው በሣጥን ካለው አዲሱ ይብሳል፤ ቁልፉ ተፈትቷል፣ የቀረው አንድ ምት ብቻ ሊሆን ይችላል። ዝገትም አያበርደውም፣ እንዲያውም ጠባዩን ያከፋዋል።

ያልፈነዳ ተተኳሽ የጦርነት ትራፊ ብቻ አይደለም። ከሐዋሳ በዲላና በሞያሌ አድርጎ ናይሮቢ የሚወስደው መንገድ ኬንያ ውስጥ አርቸርስ ፖስትን ያቋርጣል። እዚያ ተተኳሹን ያስቀረው ጦርነት አልነበረም፤ የብሪታንያ ጦር ለዓመታት የተኩስ ልምምድ ያደርግ ነበር። በግጦሽ መሬት ላይ በቀሩ ተተኳሾች እረኞችና ሕፃናት ሞቱ፣ አካላቸውን አጡ። የብሪታንያ መከላከያ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2002 ከ200 ለሚበልጡ ከሳሾች 4.5 ሚሊዮን ፓውንድ ለመክፈል ተስማማ።

በእኛም አገር ከአንድ ትውልድ በላይ የዘለቁ ጦርነቶች ያስቀሩት ብዙ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የተጠናቀቀው የፈንጂ ጉዳት ጥናት 1,492 የተጎዱ ማኅበረሰቦችን መዝግቧል። ከዚያ ወዲህ የሰሜኑ ጦርነት ተጨምሮበታል።

ፍንዳታው ባይደርስ እንኳ መርዙ አለ። እርሳስ አፈሩ ላይ ይቀራል፤ አርዲኤክስ የተባለው ፈንጂ ደግሞ ከዝናብ ጋር ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይሰርጋል። እ.ኤ.አ. በ1997 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በማሳቹሴትስ ካምፕ ኤድዋርድስ የጦር ሰፈር የልምምድ ተኩስ ያስቆመው የኬፕ ኮድ የመጠጥ ውሃ እንዳይበከል ሰግቶ ነበር። የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም፤ ከተፋሰሱ ታጥቦ የገባውን መልሶ የሚወስድ የለም። የተኩስ ሜዳ የት ይሁን ሲባል ውሃውም አብሮ መታየት ያለበት ለዚህ ነው።

ለከተማ ሰው ግን የቅርቡ በር ቁርጥራጭ ብረት ነው። አይሱዙ የጫነው ብረት ከየት እንደተነሣ ሐዋሳ ላይ የሚመዝነው ነጋዴ አያውቅም፤ ሻጩ ራሱ ከሌላ የገዛ ነው። አደገኛው ሰዓት ከብረቱ ውስጥ ናሱን ለመለየት መዶሻ የሚነሣበት ነው። ቁራሌው ዘንድ የሚሠሩ ልጆች ቀለህና ተተኳሽ የሚለዩበትን ነገር ማሳየት የነጋዴው ግዴታ ቢሆን ደግ ነበር፦ አንዱ ወገኑ ክፍት ሆኖ ውስጡ ባዶ የሆነው አብዛኛውን ጊዜ ቀለህ ነው፤ ሁለቱም ወገኑ የተደፈነ፣ ጫፉ የሾለ፣ እንደ እጅ ቦምብ ያለ ወይም ምንነቱ የሚያጠራጥር ከሆነ ግን አይነካም፣ አይገለበጥም፣ ወደ ፖሊስ ጣቢያም ተሸክመው አይወስዱትም። ባለበት ትተው፣ ሰው አርቀው ለፖሊስ ይደውሉ።