የመሐንዲስ ፊርማ

ከበላይ አለቃ የሚመጣ የተሳሳተ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ የክፋት መልክ የለውም፤ የሚጠየቀው አንድ ፊርማ ብቻ ይሆናል። በምሕንድስና ታሪክ ይህን አጉልቶ የሚያሳየው ጥር 19 ቀን 1978 ዓ.ም. (ጃንዋሪ 27 ቀን 1986 እ.ኤ.አ.) ማታ በአሜሪካ የተፈጸመው ነው።

በማግሥቱ «ቻሌንጀር» የተባለችው የጠፈር መንኩራኩር ከፍሎሪዳ እንድትነሣ ታቅዶ ነበር። አስወንጫፊ ሮኬቶቿን የሠራው ሞርተን ታዮኮል የተባለው ኩባንያ ነው። ሮኬቶቹ ከክፍልፋዮች የሚገጣጠሙ ሲሆኑ፣ የጋለው ጋዝ በመጋጠሚያዎቹ እንዳያመልጥ የሚያግዱት የጎማ ቀለበቶች ነበሩ። ጎማ ግን ቅዝቃዜ ሲያገኘው ይደድርና ክፍተቱን ቶሎ መድፈን ይሳነዋል። የኩባንያው መሐንዲስ ሮጀር ቦዦሌ የቀለበቶቹ ጉዳይ ካልታረመ የሰው ሕይወት ሊጠፋ እንደሚችል ከስድስት ወር በፊት በጽሑፍ አስጠንቅቀው ነበር።

በዚያች ማታ በስልክ በተደረገው ስብሰባ፣ መሐንዲሶቹ ሙቀቱ ከ12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ከሆነ በረራው እንዳይደረግ አሳሰቡ። የናሳ ኃላፊዎች ምክሩን በቅሬታ ተቀበሉት። ቀድሞ መሐንዲስ የሚጠየቀው በረራው አስተማማኝ መሆኑን እንዲያስረዳ ነበር፤ አሁን ግን አደገኛ መሆኑን እንዲያረጋግጥ ተጠየቀ። የኩባንያው ሰዎች ለብቻቸው ሲመክሩ፣ የበላይ ኃላፊው ጄራልድ ሜሰን የምሕንድስናውን ሹም ሮበርት ለንድን የመሐንዲስነቱን ባርኔጣ አውልቀው የአስተዳዳሪነቱን እንዲደፉ ነገሯቸው። ለንድም ሐሳባቸውን ለወጡ። መሐንዲሶቹ እዚያው ተቀምጠው ሳሉ የወሰኑት አራቱ ሹማምንት ብቻ ነበሩ።

ናሳ ውሳኔው በፊርማ ተረጋግጦ እንዲደርሰው ጠየቀ። በፍሎሪዳ የኩባንያው ተጠሪ የነበሩት አለን ማክዶናልድ አልፈርምም አሉ። በእሳቸው ፈንታ ጆ ኪልሚንስተር ፋብሪካው ካለበት ከዩታ ፈርመው በፋክስ ላኩ። በማግሥቱ ሙቀቱ 2 ዲግሪ ያህል ሳለ የተነሣችው ቻሌንጀር በ73ኛው ሴኮንድ አየር ላይ ተበታተነች፤ 7ቱም ተጓዦች አለቁ።

እምቢታው በረራውን ካላስቀረ ምን ፋይዳ ነበረው? ማክዶናልድ የዚያን ማታ ክርክር ፕሬዚዳንቱ ላቋቋሙት መርማሪ ኮሚሽን ገለጡ። ኩባንያቸው ከደረጃቸው ዝቅ አደረጋቸው፤ የኮንግረስ አባሎች ጣልቃ ከገቡ በኋላ ግን መጋጠሚያውን እንደገና የመንደፉን ሥራ እንዲመሩ ተደረገ። መስከረም 19 ቀን 1981 ዓ.ም. በአዲሱ መጋጠሚያ የተሠራ ሮኬት ሌላ መንኩራኩር ይዞ በደኅና ተነሣ።

አለቃ ሠራተኛውን ከሹመቱ ሊሽር ይችላል፤ የጎማን ጠባይ ግን ሊያዝዘው አይችልም። ፊርማ ባለሙያው ስለሚያውቀው ነገር ለማያውቁት ሰዎች የሚሰጠው ምስክርነት ነው። ስለ ክርክሩ ምንም ያልተነገራቸው ሰባቱ ተጓዦች መንኩራኩሯ ውስጥ የገቡት ይህንኑ ምስክርነት አምነው ነበር።