የባሕር ዓሦችን በእርሳስ የሣለው ጸሐፊ

የተከበራችሁ የዕድራችን አባሎች፣ ዘንድሮ ላቀርብላችሁ የፈለግሁት የአንድ ጸሐፊ ታሪክ ነው። እኔም ዕድሜዬን በጽሕፈት ሥራ ስለፈጀሁ የሙያ ባልደረባዬ ነገር ደስ ይለኛል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰውየው ኸርማን ስፖሪንግ ይባላል። በ1733 በፊንላንድ አገር፣ ቱርኩ በምትባል ከተማ ተወለደ። ኋላም ወደ ለንደን ተሻግሮ በሰዓት ሠሪነት ይተዳደር ነበር። በ1768 ካፒቴን ጄምስ ኩክ ኢንዴቨር በምትባል መርከብ ዓለምን ሊዞር ሲነሣ፣ ጆሴፍ ባንክስ የተባለ ሀብታም የተፈጥሮ ተመራማሪ ስፖሪንግን ጸሐፊው አድርጎ ይዞት ሄደ።

ለሥዕሉ ሥራ አሌክሳንደር ቡካንና ሲድኒ ፓርኪንሰን የሚባሉ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ቡካን ግን በሚያዝያ 1769 ታሂቲ ደሴት በደረሱ በጥቂት ቀን ሞተ። ሥራው ለፓርኪንሰን ብቻ ሲከብደው ጊዜ ጸሐፊው እርሳሱን አነሣ። በዚያው ደሴት ለሰማይ ምርምር ያመጡት መለኪያ ተሰርቆ፣ ተፈታትቶና ተጎድቶ በተመለሰ ጊዜም በሰዓት ሠሪ እጁ የጠገነው እሱ ነው። ታዲያ የሰዓት ሠሪ ዓይን ትንሿን ነገር አያልፍም፤ ለሥዕልም የጠቀመው ይኸው ነው።

በ1770 አውስትራሊያ ደረሱ። ባረፉበት ወሽመጥ እንደ ሰፌድ የተዘረጋ፣ ጅራቱ ላይ መርዛም እሾህ ያለው ዓሣ በብዛት ያዙ። ኩክ መጀመሪያ ወሽመጡን በዚሁ ዓሣ ስም ጠርቶት ነበር፤ በኋላ ግን በዕፀዋቱ ብዛት ምክንያት ቦታኒ ቤይ አለው። ስፖሪንግ ያንን ዓሣ በእርሳስ ሣለው። ዓሣ ከውኃ ከወጣ መልኩ ቶሎ ይጠፋል፣ በሙቀት አገር ደግሞ ውሎ አያድርም፤ ስለዚህ እጅ ካልፈጠነ ነገሩ አለቀ። እሱ ግን ምንም ሳያሳምር፣ ምንም ሳይጨምር፣ ክንፉንም ጅራቱንም እንዳለ አስቀመጠው። የዛሬ ሊቃውንት ሥዕሉን አይተው የዓሣውን ዓይነት ለይተው ይናገራሉ።

በመመለሻው መርከቧን ለማደስ ባታቪያ፣ የዛሬዋ ጃካርታ፣ ቆሙ። ወባና ተቅማጥ የገባባቸው እዚያ ነው። ስፖሪንግ በጥር 1771 በባሕር ላይ ሞተ፤ ፓርኪንሰንም ወዲያው ተከተለው። እንደ መርከበኞች ወግ ሬሳቸው ለባሕር ተሰጠ። ሦስቱም ሠዓሊዎች አገራቸው አልገቡም።

ወረቀቱ ግን ገባ። የዓሦቹ ሥዕሎች በዘመኑ ሳይታተሙ ቢቀሩም፣ ባንክስ ጠብቆ ስላቆያቸው ዛሬ ለንደን በሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ይገኛሉ። መቃብር የሌለው ጸሐፊ ስሙ የተጠራው ሌላ ሰው ወረቀቱን ስላልጣለለት ነው።

እንግዲህ እኛም ለቅሶ ተወጥተን ስንመለስ፣ ሟች የጻፈውን ደብተር አይጥ እንዳይበላው ቤተሰቡን እናሳስብ።